ቀለም የተወጋ ዓሣ ካፌዬ ውስጥ ላስገባ?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ካፌ ልከፍት ነው። 500 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አሠርቻለሁ። ነጋዴው በቴሌግራም አራት ዓይነት ዓሣ ላከልኝ። አንደኛው መስታወት የሚመስል፣ ጀርባው ላይ ሮዝና አረንጓዴ መስመር ያለበት ትንሽ ዓሣ ነው። ከሱ ስድስት ገዝቼ ቤት አስቀምጫለሁ። ሁለተኛው ጭራ የሌለው፣ ልብ የሚመስል ቀይ ዓሣ ነው። ሦስተኛው ዓይኑ ሥር ከረጢት የተንጠለጠለበት ወርቃማ ዓሣ። አራተኛው በሰማያዊ መብራት የሚያበራ። ባለቤቴ መስመሩን ስታይ ‹ይሄማ ተወግቶ ነው፤ ነውር ነው› አለች። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ዓሣ አያመውም፤ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ በየቀኑ ስንቱን እየበላን ስለ ቀለም እንጨነቅ?› ይላል። ማናቸው ናቸው ልክ?»

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ያ መስመር በመርፌ የገባ ቀለም ነው። የጓደኛዎ ጥያቄ ግን በዋዛ የሚታለፍ ስላልሆነ እመለስበታለሁ።

ሥራዬ የዓሣ ጤና ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሰው ቶሎ ብሎ የሚይዘው «ተፈጥሯዊ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን ነው። እኔ በዚህ መለኪያ አልስማማም። ሁላችንም የምናውቀው ተራ ወርቃማ ዓሣ እንኳ ተፈጥሮ እንዲሁ የሰጠችን አይደለም። ዘሩ ቻይና ውስጥ የነበረ ደብዛዛ ግራጫ ዓሣ ነው። ከ1,000 ዓመት በላይ ቀላ ያለውን እየመረጡ በማዳቀል ነው እዚህ የደረሰው። ሆኖም ተራው ወርቃማ ዓሣ ይዋኛል፣ ይበላል፣ ያያል፤ በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። ስለዚህ የምጠይቀው ሌላ ነው። ይህን መልክ ለማምጣት ዓሣው ላይ ምን ተደረገ? መልኩን ይዞስ እንደ ዓሣ መኖር ይችላል? አራቱንም በዚህ እንያቸው።

መጀመሪያ እርስዎ የገዙት። ይህ ዓሣ የመስታወት ዓሣ ይባላል፤ አገሩ ሕንድ፣ ባንግላዴሽና አካባቢው ነው። አካሉ ብርሃን ያሳልፋል። መብራት ከኋላው ቢያበሩ የአከርካሪው አጥንትና ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንዲያው ሲያዩት የሚያስደንቅ ፍጡር ነው። ለገበያ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ነው። እንግዲህ በዚህ መጠን ላይ መርፌ ያስቡ። የሚወጋው አንዴ አይደለም። መስመሩ እንዲዘረጋ ጀርባውና ሆዱ ላይ ደጋግሞ ነው። ሥራው በጅምላ፣ በእጅ፣ በጥድፊያ ይሠራል። መርፌው ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው ሲሄድ በሽታም ይዞ ይሄዳል።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንግሊዝ አገር የተቀቡና ያልተቀቡ የመስታወት ዓሦችን ያነጻጸረ ምርመራ ተደርጎ ነበር። ከተቀቡት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሊምፎሲስቲስ የተባለ የቫይረስ በሽታ ታየባቸው። ካልተቀቡት ግን 10 በመቶ ገደማ ብቻ። ቀለሙም ቢሆን አይቆይም። በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ዓሣው ያን ሁሉ ያየው አንድ ወቅት ለሚቆይ መስመር ነው።

መርፌ የሌለበት መንገድም አለ፤ እሱም አይሻልም። ዓሣ ሲይዙት ከእጅ የሚያመልጠው ቆዳው ላይ ባለው ዝልግልግ ልባስ ምክንያት ነው። ቀለም አልቀበል የሚለውም ይኸው ልባስ ነው። ስለዚህ ዓሣውን ልባሱን በሚልጥ ኬሚካል ውስጥ ይነክሩታል፤ ከዚያ ቀለም ውስጥ ይከቱታል፤ ከዚያ ልባሱን እንደገና እንዲያመነጭ ቆዳውን የሚያስቆጣ ሌላ ነገር ውስጥ ይጨምሩታል። ልባሱ ጌጥ አይደለም። ባክቴሪያና ጥገኛ ተሕዋስያንን የሚከለክለው እሱ ነው። ከዚህም ሌላ የጨው ነገር አለ። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ሰውነቱ ከሚኖርበት ውሃ ይልቅ ጨዋማ ነው። ውሃው ያለማቋረጥ ወደ ውስጡ ሊገባ፣ ጨዉ ወደ ውጭ ሊወጣ ይታገላል። ኩላሊቱ ቀን ከሌት ውሃ ሲያስወጣ የሚውለው ለዚህ ነው። ልባሱንና ቆዳውን የተላጠ ዓሣ ይህን ሚዛን መጠበቅ ያቅተዋል። እርስዎ የሚያዩት ተርፎ ሱቅ የደረሰውን ብቻ ነው።

«ነጋዴው በተፈጥሮው ነው ቢለኝ እንዴት አውቃለሁ?» ካሉ፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ «ልጆቹ ምን ይመስላሉ?» ይበሉት። በዘር የመጣ ቀለም ወደ ልጅ ያልፋል። በመርፌ የገባ አያልፍም። በተጨማሪም አንዱ ዝርያ በአንድ ገንዳ ውስጥ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሐምራዊ ሆኖ፣ ሁሉም እዚያው ቦታ ላይ ተመሳሳይ መስመር ይዞ ካዩ አይጠራጠሩ።

ልብ የሚመስለውን ቀይ ዓሣ በተመለከተ ጠንከር አድርጌ ነው የምናገረው። ይህ ዓሣ የፓሮት ሲክሊድ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ታይዋን ውስጥ የተለያዩ ዝርያዎችን በማዳቀል የተገኘ ነው። ሲፈጠርም ጉድለት አለበት። አፉ ጠባብ ስንጥቅ ነው፤ ብዙዎቹ በደንብ አይዘጉትም፤ ምግቡን የሚያደቅቁት ጉሮሯቸው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ነው። አከርካሪውና የአየር ከረጢቱም የተዛቡ ናቸው። ይህ ሳያንስ ልብ እንዲመስል ገና ጫጩት ሳለ ጭራው ይቆረጣል። የዓሣ ክንፍ ጫፉ ቢቀደድ መልሶ ያድጋል። ይህን ነጋዴዎቹም ያውቃሉ። ስለዚህ እንዳይበቅል ከሥጋው ድረስ ገብተው ነው የሚቆርጡት።

እንዲህ ያለውን ዓሣ ቆመው አሥር ደቂቃ ቢያዩት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም። ዓሣ ወደፊት የሚገፋው በጭራው ነው። ይሄኛው ጭራ ስለሌለው ደረቱ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ክንፎች ሳያቋርጥ ያርገበግባል። ሊዞር ሲል የኋላ አካሉ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ምግብ ሲወርድ ሌላው ቀድሞት ይደርሳል። ደንበኛው «እንዴት ያምራል!» ብሎ ፎቶ የሚያነሳው ይህን ነው። ይህን ዓሣ በምንም ምክንያት አያስገቡ።

ከረጢት ያለው ወርቃማ ዓሣ ላይ ማንም መርፌ አልወጋም፤ ማንም አልቆረጠም። እንዲያ ሆኖ ነው የሚፈለፈለው። ብዙ ሰው «ታዲያ ምን ችግር አለው?» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ ጉዳቱ በዘር መተላለፉ ነው። ከረጢቶቹ በፈሳሽ የተሞሉ ናቸው። ሲዋኝ ይንገዋለላሉ። ዓይኖቹ ወደ ላይ ስለተገለበጡ ከፊቱና ከሥሩ ያለውን በደንብ አያይም። የጀርባ ክንፍም የለውም፤ ሚዛኑን የሚጠብቀው እሱ ነበር። ከረጢቱ በድንጋይ ወይም በፓምፕ መምጠጫ ከተቀደደ ቁስሉ ያመረቅዛል። አርቢው ይህን ጉድለት አይቶ አልተወውም። ወዶት፣ መርጦት፣ ከትውልድ ትውልድ አብዝቶታል። አከርካሪው ተጣጥፎ ሆዱ የሚያብጠው ባሉን ሞሊ የሚባለውም እንደዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ግን ልዩነት አደርጋለሁ። የተቀባ ዓሣ መግዛት በፍጹም የማልመክረው ነገር ነው። እንዲህ ዓይነቱን ወርቃማ ዓሣ ግን ልምድ ያለው ሰው፣ ድንጋይና ሹል ነገር በሌለበት ገንዳ፣ ከእንደሱ ዘገምተኛ ከሆኑት ጋር ብቻ አድርጎ በሰላም ሊያኖረው ይችላል። ካፌ ግን ቦታው አይደለም። ልጆች መስታወቱን ይደበድባሉ፤ ሙዚቃ አለ፤ ገንዳው ጌጥና ድንጋይ ይበዛበታል።

የሚያበራው ዓሣ ታሪኩ ሌላ ነው። ይህ ዜብራ ዓሣ የሚባል ትንሽ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ የባሕር ጄሊፊሽ የተወሰደ ብርሃን ሰጪ ዘረመል እንቁላሉ ውስጥ አስገቡ። የመጨረሻው ግባቸው የተበከለ ውሃ ሲያገኝ የሚያበራ ዓሣ ማግኘት ነበር። ጌጥ ሆኖ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ2003 መጨረሻ ነው። ቀለሙ ከወላጅ ወደ ልጅ ያልፋል። ዛሬ የሚሸጠው ዓሣ ራሱ ምንም አልተወጋም። እንደ ማንኛውም ዜብራ ዓሣ ይዋኛል፣ ይበላል፣ ይራባል። በእኔ መለኪያ ዓሣው ራሱ ተበድሏል ለማለት አልችልም።

ሆኖም አያስገቡ። አንደኛው ምክንያት ሕግ ነው። አገራችን የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ አላት፤ ቁጥር 655/2001፣ በኋላም የተሻሻለ። ልውጠ ሕያው፣ ማለትም ዘረመሉ በሰው የተለወጠ ፍጡር፣ ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባት አይቻልም። ነጋዴው ፈቃዱን ያሳይዎት፤ ካላሳየ ነገሩ አበቃ። ሁለተኛው ምክንያት ሐይቁ ነው። ብራዚል ውስጥ እነዚሁ ዓሦች ከማርቢያ ኩሬዎች አምልጠው ጅረት ውስጥ ገብተው እየተራቡ እንደሆነ በ2022 ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ሽያጩ እዚያ አገር የተከለከለ ነበር። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ መውጫ የለውም፤ ውስጡ ያሉት የዓሣ ዝርያዎችም ጥቂት ናቸው። ለጌጥ የመጣ ነገር ውሃ ውስጥ ሲለቀቅ ምን እንደሚያደርግ ከእምቦጭ በላይ የሚነግረን የለም። አበባው ያምራል ተብሎ ከደቡብ አሜሪካ በዓለም የተሠራጨ ተክል ነው፤ ጣናን ምን እንዳደረገው አይተናል። ካፌ ሲዘጋ፣ ባለቤት ሲቀየር፣ «እነሱማ ነፃ ይውጡ» ብሎ ገንዳውን ሐይቅ ውስጥ የሚደፋ ሰው አይጠፋም። ያበራም አያብራ፣ ማንኛውንም የአኳሪየም ዓሣ ሐይቅ ውስጥ ወይም ጥቁር ውሃ ወንዝ ውስጥ አይልቀቁ።

አሁን ወደ ጓደኛዎ። «ዓሣ አያመውም» የሚለው ድሮ በባለሙያዎችም ዘንድ የተለመደ አባባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊን ስኔደን የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ስኮትላንድ ውስጥ ትራውት በሚባል ዓሣ ላይ ምርመራ አደረጉ። ፊቱ ላይ ጉዳትን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች አገኙ። የአንዳንዶቹ ዓሦች ከንፈር ላይ አሲድ ሲወጉ፣ ዓሦቹ መብላት አቆሙ፤ ከንፈራቸውን ጠጠሩ ላይና ገንዳው ግድግዳ ላይ ያሹ ጀመር። የሕመም ማስታገሻ ሞርፊን ሲሰጣቸው ይህ ጠባይ ቀነሰ። በእርግጥ የማይስማሙ ሳይንቲስቶች አሉ። የዓሣ አንጎል እንደ ሰው ያለ ውጫዊ የአንጎል ክፍል ስለሌለው ሕመምን እንደኛ አይሰማውም ይላሉ። እኔ እንደኛ ይሰማዋል አላልኩም። የሚጎዳውን ለይቶ ካወቀ፣ ከሸሸ፣ መብላት ካቆመ፣ ማስታገሻ ሲያገኝ ከተሻለው ግን ለጌጥ ብዬ መርፌ የምሰካበት ምክንያት የለኝም። ሙያው ራሱ ይህን ተቀብሏል። ዓሣ ላይ ቁስል ስንሰፋ ወይም ናሙና ስንወስድ ማደንዘዣ እንሰጣለን። ከማደንዘዣዎቹ አንዱ ከቅርንፉድ የሚወጣው ዘይት ነው። ቀለም የሚወጋው ሰው ለዚህ ጊዜ የለውም።

«እየበላን?» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የከበደው ነው። እኔም አሞራ ገደል እበላለሁ። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ቆሮሶውና አምባዛው ሲወርድ፣ ወጣቶቹ በፍጥነት ሲበልቱት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊ ሲጠብቁ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ ቢያነሳ አልፈርድበትም። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። የተጠመደው ዓሣ የቤተሰብ እንጀራ ነው፤ የዓሣ አጥማጁም ኑሮ ነው። ሥቃዩም አለቀ ማለት ነው። የተወጋው ዓሣ ግን ያለ ማንም ርሃብ ነው የተጎዳው፤ ከነቁስሉ እንዲኖርም ይጠበቅበታል። ደግሞም ለምግብ ስለሆነ ማሠቃየት ተፈቀደ ያለ ማን ነው? በግ ስናርድ ቢላ እንስላለን፤ ባልተሳለ ቢላ የሚያርድ ሰው በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ሠፈር ይወቀሳል። ዓሣው ላይም ይኸው ወግ ሊሠራ ይገባል። ጀልባ ላይ ሲንፈራገጥ ከሚቆይ አናቱን አንዴ መትቶ መጨረስ ይሻላል። ስለዚህ ለጓደኛዎ የምለው፦ የበላነው ዓሣ ጉዳይ ለተቀባው ዓሣ ሰበብ አይሆንም። ይልቅ የምንበላውንም በደንብ እንድንይዝ ያስገድደናል።

እነዚህ ዓሦች የሚቀቡት ስለሚሸጡ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። እንግሊዝ አገር ፕራክቲካል ፊሽኪፒንግ የተባለ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1996 ዘመቻ ጀምሮ ብዙ ሱቆች የተቀባ ዓሣ አንሸጥም ብለው ቃል ገቡ። ያስገደዳቸው ሕግ አልነበረም፤ ገዢው ነው ፊቱን ያዞረባቸው። እዚህ ደግሞ ገበያው ገና ትንሽ ነው። አንድ ካፌ «ይህን አልፈልግም፤ ያልተቀባውን አምጣልኝ» ሲል ነጋዴው ይሰማል። ስለዚህ ዝም ብለው አይቅሩ፤ ለምን እንደማይገዙ ይንገሩት።

ታዲያ ገንዳው በምን ይመር? 500 ሊትር ሰፊ ነው፤ ብዙ ማድረግ ይችላሉ። ጉፒ፣ ፕላቲና ሶርድቴይል ቀለማቸው በዘር የመጣ ነው፤ ጠንካሮች ናቸው፤ እዚያው ይወልዳሉ። ጉፒ ሲገዙ ጭራው ከአካሉ በላይ ረዝሞ የሚጎተተውን ትተው መጠነኛውን ይምረጡ። ቀለማቸውን ለማድመቅ መርፌ አያስፈልግም፤ ምግብ ነው የሚያስፈልገው። ዓሣ ቀይና ብርቱካናማውን ቀለም በአብዛኛው ራሱ አይሠራም፤ ከሚበላው ነው የሚያገኘው። አብያታና ሻላ የሚያዩዋቸው ፍላሚንጎዎች ሮዝ የሚሆኑትም በዚሁ መንገድ ነው። ስፒሩሊና ያለበት ምግብ ይስጧቸው። ስፒሩሊና እኛው አገር ጭቱ ሐይቅና ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ውስጥ በብዛት የሚበቅል ነገር ነው። ከታች ጠቆር ያለ ጠጠር ያንጥፉ። ነጭ ጠጠር ላይ ያለ ዓሣ ከመሬቱ ለመመሳሰል ይደበዝዛል፤ ጥቁር ላይ ይደምቃል። መደበቂያ ተክል ይጨምሩ። የማይፈራ ዓሣ ቀለሙ ራሱ ይወጣል። በጥቂት ሳምንታት ልዩነቱን ያዩታል።

አንድ ሐሳብ ልጨምር፤ ይህ የግል ምርጫዬ ነው። ዓሣውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተማክረው፣ ገንዳው ውስጥ ጥቂት ትንንሽ ቆሮሶ ብቻቸውን ቢያኖሩስ? ወንዱ ሊራባ ሲል አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል፤ ቀላ ይላል። ሴቷ እንቁላሎቹን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ሐዋሳ ውስጥ ዓሣውን ሳህን ላይ ያላየ የለም፤ ይህን ያየ ግን ጥቂት ነው። ሲያድጉ ገንዳው ይጠባቸዋልና ለዚያ ግን አስቀድመው ያስቡበት።

ቤት ያስቀመጧቸው ስድስቱስ? አይጣሏቸው፤ አይመልሷቸውም። ነጋዴው ለሌላ ይሸጣቸዋል። ካፌው ውስጥ ግን አያሳዩዋቸው፤ ያየ ሁሉ «ከየት አመጣኸው?» ይላል። ውሃው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን፤ በሳምንት አንዴ ሩቡን ይቀይሩ። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑን ሳያስወግዱ አይጨምሩ። ደረቅ ምግብ እምቢ ሊሉ ይችላሉ። የትንኝ እጭ ግን ይወዳሉ፤ ከባልዲ ውሃ ላይ ቀድተው መስጠት ይችላሉ። አብረው መሆን ስለሚወዱ አይለያዩዋቸው። ቀለሙ ሲደበዝዝ አይደንግጡ፤ መልካም ነው።

ክንፋቸው ላይ የአበባ ጎመን የሚመስል ነጭ እብጠት ካዩ ሊምፎሲስቲስ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የታየበትን ብቻ ለይተው በሌላ ዕቃ ያኑሩት። እብጠቱን አይቁረጡ፤ አይጭመቁ። ቫይረስ ስለሆነ ከፋርማሲ የሚገዛ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርግለትም፤ ውሃውን ያበላሽብዎታል እንጂ። ውሃው ንጹሕ ከሆነና ዓሣው ካልተረበሸ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ፣ ወይም ዓሣው መብላት ካቆመ፣ ጥሩ ብርሃን ላይ ከጎን ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ።